መኪናው ሲቆም እኛም እንቁም፦ በኔጌቭና በዓራቫ መንገድ በሰላም ለመድረስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኦገስት ወር፣ ኤላት የምትሠራውን እህቴን ጠይቀን ስንመለስ መኪናችን ዓራቫ ላይ ቆመች። ሰዓቱ ከእኩለ ቀን አልፎ ነበር። መጀመሪያ የሞተር ሙቀት መብራት በራ፤ ወዲያው ከፊት ሽፋኑ ሥር እንፋሎት ይወጣ ጀመር። ወደ መንገዱ ዳር አውጥቼ አጠፋኋት። አራት ሰዎች ነበርን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ትንሹ ልጃችንና አባቴ። ለአራታችን የነበረን ውኃ ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ብቻ ሲሆን አንዱ ተጋምሷል።

አባቴ ከመኪናው ወርደው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ዙሪያውን ተመለከቱ። ከሩቅ የተምር ዛፎች ይታያሉ። «ያውና ሰፈር! እናንተ እዚህ ጠብቁኝ፤ እኔ ሄጄ ሰው ላምጣ» አሉ። «አባ፣ ፀሐዩ አይቻልም፤ ይቅር» ብላቸው ተቆጡ። «እኔ ሱዳን በእግሬ የገባሁ ሰው ነኝ! ይቺ ምን አላት?» አሉኝ። በስንት ልመና፣ በመጨረሻም የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ «አባባ፣ አይሂዱ» ሲላቸው ተቀመጡ።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆመልን፤ ውኃም ሰጠን። በኋላ መኪናችን ስትጎተት በዚያ በተምሩ እርሻ አጠገብ አለፍን። «ቅርብ ነው» ያልነው ቦታ በመኪናው ቆጣሪ ሲለካ ከስምንት ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ። አባቴ በመስኮቱ አዩት፤ ምንም አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም። ጥፋቱ የእኔ ነበርና። ከመነሣቴ በፊት የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ አላየሁም፤ ውኃ አልጫንኩም፤ ጥቂት ሰቅል ለማትረፍ ብዬም የመጎተቻ አገልግሎቱን ከኢንሹራንሴ አስወጥቼ ነበር።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው። ከኪርያት ጋት፣ ከኦፋቂም፣ ከኔቲቮት፣ ከቤር ሼቫ ተነሥተን ወደ ደቡብ የምንወርድ ብዙዎች ነን። አንዳንዱ ለሥራ፣ አንዳንዱ ለሠርግና ለለቅሶ፣ አንዳንዱ ወታደር ልጁን ለመጠየቅ፣ አንዳንዱም ለዕረፍት ይወርዳል። መንገዱ ጥሩ አስፋልት ስለሆነ በረሃ መሆኑን እንረሳለን።

ሱዳን የገባ ሰው ለምን አይሄድም?

የአባቴ ቁጣ ምክንያት ነበረው። ወላጆቻችን በ1980ዎቹ ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው ወደ ሱዳን በእግራቸው ሲወርዱ፣ የቆመ ሰው የሚሞት፣ የሄደ ሰው የሚደርስ ይመስል ነበር። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል። መታሰቢያቸውም ኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ «በእግሬ እሄዳለሁ» ሲል የሚናገረው ጀግንነቱን ለማሳየት ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ያዳነውን ነገር እየደገመ ነው።

ነገር ግን እነዚያው አባቶቻችን እንዴት እንደሄዱ እናስታውስ። በሌሊት ነበር የሚጓዙት። ቀን ቀን ተሸሽገው፣ ጥላ ፈልገው ይውላሉ። መንገዱንና የውኃውን ቦታ የሚያውቅ መሪ ይይዛሉ። ማንም ሰው በቀትር፣ ብቻውን፣ ያለ ውኃና ያለ መሪ አልወጣም። እንግዲህ በዓራቫ በቀትር መኪናውን ትቶ የሚሄድ ሰው የአባቶቹን ዕውቀት የተከተለ ይመስለዋል እንጂ የሚሠራው ተቃራኒውን ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። በበረሃ አየሩ ደረቅና ጥርት ያለ ስለሆነ ሩቁ ነገር ቅርብ መስሎ ይታያል። ላቡም ወዲያው ስለሚደርቅ ሰውየው ምን ያህል ውኃ ከሰውነቱ እንደወጣ አያውቅም። በ40 ዲግሪ ሙቀት የሚሄድ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ውኃ በላብ ሊያጣ ይችላል። ከዚያ ልቡ ይዝላል፣ ሐሳቡ ይዘባረቃል፣ አቅጣጫው ይጠፋበታል። በሌላ በኩል መኪና ትልቅ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ከሩቅም ከሰማይም ይታያል፤ ጥላም ይሰጣል። ፈላጊዎች መጀመሪያ የሚያገኙት መኪናውን ነው። ከመንገዱ ውጭ ደግሞ የሠራዊቱ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች አሉ፤ በዓራቫ በድንበሩ አቅራቢያም ፈንጂ ያለባቸው አጥር ያላቸው ስፍራዎች ይገኛሉ። በአቋራጭ መሄድ ከሙቀቱ ሌላ ይህም አደጋ አለበት።

ስለዚህ ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ መኪናው ሲቆም እኛም እንቆማለን፤ ከመኪናው አንርቅም።

መንገዱን እንወቀው

ኔጌቭ ከሀገሪቱ መሬት ከግማሽ በላይ ይይዛል፤ የሚኖርበት ሰው ግን ጥቂት ነው። ከቤር ሼቫ እስከ ኤላት ያለው ርቀት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት መንገዶች ይበልጥ ይታወቃሉ። አንደኛው በዲሞና በኩል ወርዶ ዓራቫ ላይ ከ90 ቁጥር መንገድ ጋር የሚገናኘው ነው። ሁለተኛው 40 ቁጥር ሲሆን በሚጽፔ ራሞን በኩል ወደ ትልቁ የራሞን ገደል ይወርዳል። በሁለተኛው መንገድ ላይ ከሚጽፔ ራሞን በኋላ ለረጅም ርቀት ሰፈርም ነዳጅም አይገኝም። ስለዚህ በዚያ የሚሄድ ሰው ሚጽፔ ራሞን ላይ ሳይሞላ አይለፍ።

በበረሃ የነዳጅ ደንብ ቀላል ነው፦ ግማሽ ሲደርስ እንሞላለን፤ ቀዩ መብራት እስኪበራ አንጠብቅም። በጀሪካን ነዳጅ ይዞ መሄድ ግን ክልክል ይሁን፤ በሞቀ መኪና ውስጥ እንፋሎቱ እሳት ያስነሣል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ የመሙያ ጣቢያውን ከቤት ሳላችሁ ፈልጉ። ማቀዝቀዣው ሲሠራ ባትሪው ቶሎ እንደሚወርድ አስቡ።

ከቤት ሳንወጣ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ? የበረሃ ጉዞ ደኅንነት አብዛኛው የሚያልቀው በቤታችን ደጃፍ ነው።

ውኃ፦ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 5 ሊትር ጫኑ። ለአራት ሰው 20 ሊትር ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ለሞተሩም ሊያስፈልግ ይችላል። ውኃው በአንድ ትልቅ ዕቃ ብቻ አይሁን፤ ያ ቢፈስ ሁሉም ያልቃልና። የተወሰነው እጃችሁ በሚደርስበት በመቀመጫው አጠገብ ይሁን።

ጎማ፦ አየሩን የምትለኩት ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ትክክለኛው ልክ አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር መዝጊያ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ሲሞቅ ግፊቱ ስለሚጨምር «በዝቷል» ብላችሁ በመንገድ ላይ አታስተንፍሱ። የጎማውንም ዕድሜ እዩ። በጎኑ ላይ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ቢኖርም በሙቀት ይፈነዳል።

ትርፍ ጎማ፦ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ዛሬ የሚሸጡ ብዙ መኪናዎች ትርፍ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ አረፋና ትንሽ የአየር መሙያ ይሰጣሉ። አረፋው ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል፤ የተቀደደ ጎማ ግን አያድንም። ስለዚህ የኋላውን ሳጥን ከፍታችሁ ምን እንዳለ ዛሬውኑ እዩ። ያላችሁ ቀጭኑ ጊዜያዊ ጎማ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሱ ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ መሄድ አይፈቀድም።

ሞተር፦ የማቀዝቀዣውን ውኃና ዘይቱን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እዩ። ባትሪው ከሦስት ዓመት በላይ ከሆነው በሙሳኽ አስመርምሩት፤ ሙቀት ባትሪን ይገድላል።

ልብስና መብራት፦ አንጸባራቂው ቢጫ ሰደርያ በሕግ በመኪናው ውስጥ መኖር አለበት። በኋላው ሳጥን ሳይሆን በእጅ በሚደርስበት ቦታ አኑሩት፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ አንድ ቢኖር የተሻለ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ማስጠንቀቂያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ኮፍያ፣ ነጠላ ወይም አንሶላ ለጥላ፣ የስልክ መሙያ ገመድ ጨምሩ። በክረምት ብርድ ልብስም ያዙ፤ የኔጌቭ ሌሊት ከባድ ብርድ አለው።

መድኃኒት፦ ይህ በተለይ ለእናቶችና ለአባቶች ነው። ኢንሱሊን በሞቀ መኪና ውስጥ ይበላሻል፤ በቀዝቃዛ ቦርሳ ይያዝ፤ በረዶው ላይ ግን በቀጥታ አይቀመጥ። ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ሽንት ስለሚያበዙ በሙቀት ውስጥ ሰውነትን ያደርቃሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ከጉዞው በፊት የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ። በጾም ቀንም ረጅም የበረሃ ጉዞ አታድርጉ፤ ቀኑን ለውጡት።

መልእክት፦ ከመነሣታችሁ በፊት ለአንድ ሰው በየትኛው መንገድ እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትደርሱ ንገሩ። ስልክ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። በሰዓቱ ካልደረሳችሁ የሚጨነቅላችሁና ለፖሊስ የሚደውል ሰው ይኑር።

ኢንሹራንሱ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን «ኢንሹራንስ አለኝ» እንላለን እንጂ ምን እንደገዛን አናውቅም። ሦስቱን እንለይ። «ቢቱኣኽ ሖቫ» ግዴታ ነው፤ የሰው አካል ጉዳትን ይሸፍናል። በ1975 በወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ መሠረት ሹፌርም ሆነ ተሳፋሪ ወይም እግረኛ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ለአካል ጉዳቱ ካሳ ይገባዋል። መኪናው ኢንሹራንስ ከሌለው ወይም መትቶ ካመለጠ ተጎጂው ወደ «ቃርኒት» ድርጅት ይሄዳል። ያለ ኢንሹራንስ ሲነዳ የተጎዳ ሹፌር ግን ይህ መብት የለውም። «ጻድ ጊሜል» በሌላው ሰው ንብረት ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት ይከፍላል። «ማቂፍ» የራሳችሁንም መኪና ይጨምራል።

መኪና መጎተትና የመንገድ ላይ እርዳታ፣ «ግሪራ ቬሺሩቴ ዴሬኽ» የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከነዚህ የተለየ ተጨማሪ አገልግሎት ነው። ካልገዛችሁት የለም። እኔን የጎዳኝ ይህ ነበር። ጎታቹን ራሴ ጠርቼ የከፈልኩት ገንዘብ ለዓመታት አተረፍኩ ያልኩትን በልጦ ተገኘ። ስለዚህ ለኢንሹራንስ ወኪላችሁ ደውላችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይላኩላችሁ፦

መጎተቻው እስከ ዓራቫና እስከ ኤላት ይደርሳል? መኪናውን ወደ ቤቴ አካባቢ ያመጣል ወይስ ቅርብ ወዳለው ሙሳኽ ብቻ? ተሳፋሪዎቹን ማን ይወስዳል? ከአስፋልት ውጭ ብቆም ይመጣሉ? ወጣቱ ልጄ በፖሊሳው ተሸፍኗል ወይስ ዕድሜው አልተካተተም? የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው። «ከ24 ዓመት በላይ» ተብሎ በተጻፈ ማቂፍ የ20 ዓመት ልጅ ነድቶ ቢጋጭ ኪሳራው በቤተሰቡ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

የተከራየ መኪና የምትነዱ ከሆነ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ዕብራይስጥ በደንብ የሚያነብ ሰው ያንብብላችሁ። በብዙ ውሎች የጎማ፣ የመስታወትና የመኪናው ሥር ጉዳት አይሸፈንም፤ ከአስፋልት የወጣ መኪናም ሽፋኑን ያጣል። መኪናውን ስትረከቡም ዙሪያውን በስልክ ፎቶ አንሡ።

በመንገድ ላይ የሚገድሉ አራት ነገሮች

መጀመሪያው መቅደም ነው። 90 ቁጥር መንገድ በብዙ ቦታ መካከሉ አጥር የለውም፤ የሚመጣውና የሚሄደው ፊት ለፊት ይተላለፋሉ። በኦክቶበር 2018 መጨረሻ በሙት ባሕር አጠገብ በዚሁ መንገድ በደረሰ ግጭት የአንድ ቤተሰብ ስምንት ነፍስ፣ ወላጆች ከስድስት ልጆቻቸው ጋር፣ አልፏል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል። ከፊት የሚመጣው ደግሞ እንዲሁ ሲጓዝ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሰከንድ በ50 ሜትር ያጥራል። «እደርሳለሁ» ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ሒሳብ አላሰበውም። ከጭነት መኪና ኋላ መቆየት የሚያስከፍለን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ፣ አንድ ዓይነት መልክዓ ምድር፣ የማቀዝቀዣው ድምፅ ዓይንን ይከድናል። ዓይኑ ለአራት ሰከንድ የተከደነ ሹፌር በ90 ፍጥነት 100 ሜትር በጭፍን ሄዷል። መስኮት መክፈትና ዘፈን ማስጮህ አያድንም። በየሁለት ሰዓቱ መቆም፣ ሲደክም ደግሞ በነዳጅ ጣቢያ ቆሞ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ መተኛት ያድናል። አብራችሁ የምትቀመጡ እናቶችና አባቶች በዚህ ሥልጣን አላችሁ። ሹፌሩ ልጃችሁ ሲያዛጋ፣ ከመስመሩ ሲወጣ ካያችሁ «ልጄ፣ ቁምልኝ፤ እግሬን ልዘርጋ» በሉት። «ደክሞሃል» ብትሉት «አልደከመኝም» ይላችኋል፤ ለእናቱ እግር ግን ይቆማል።

ሦስተኛው ግመል ነው። በኔጌቭ በተለይ በሌሊት ግመል መንገድ ላይ ይወጣል። እግሩ ረጅም ስለሆነ መኪናው እግሩን ሲመታ ከባዱ አካሉ በፊት መስታወቱ ላይ ይወድቃል። አጭሩ መብራት የሚያሳየው በግምት 50 ሜትር ያህል ነው፤ በ90 ፍጥነት የሚሄድ መኪና ግን አይቶ እስኪቆም ከ70 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በሌሊት ፍጥነት ቀንሱ፤ ከፊት መኪና በማይመጣበት ጊዜ ረጅሙን መብራት አብሩ። አንድ ግመል ካያችሁ ሌሎች እንደሚከተሉት አስቡ። ከተቻለ ጉዞውን በቀን አድርጉት።

አራተኛው ጎርፍ ነው፤ በዕብራይስጥ «ሺታፎን» ይሉታል። ኤላት በዓመት የሚዘንብላት 30 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ታዲያ ጎርፍ ከየት ይመጣል? ከላይ ይመጣል። ደረቁ መሬት ውኃውን ስለማይጠጣው በተራራው ላይ የዘነበው ሁሉ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ፓራን የሚባለው ሸለቆ ለምሳሌ ከሲናይ ተነሥቶ ዓራቫ ድረስ ይመጣል። ዝናቡ በሩቅ ሲዘንብ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሊሆን ይችላል። በኤፕሪል 26 ቀን 2018 በጻፊት ሸለቆ በእግር ሲጓዙ የነበሩ 10 ወጣቶች በእንዲህ ያለ ጎርፍ ተወስደዋል። ለመኪናም ያው ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የሚሮጥ ውኃ ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ከሥሩ አስፋልቱ መኖሩንም አታዩም። ውኃ በመንገዱ ላይ ካለ አትግቡ። ወደኋላ ተመልሳችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጠብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። የዝናብ ማስጠንቀቂያ በተነገረ ቀን ደግሞ ጉዞውን አስተላልፉት፤ በሸለቆ ውስጥም አትቁሙ፣ አትደሩ።

ሕፃናትን በተመለከተ አንድ ቃል እንጨምር። በተዘጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ በ10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። «አንድ ጠርሙስ ውኃ ገዝቼ ልመለስ» ብላችሁም ቢሆን ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ሰው በመኪና ውስጥ አትተዉ።

መኪናው ከቆመ

1. የአደጋ መብራቱን አብሩ፤ መኪናውን በተቻለ መጠን ከአስፋልቱ ውጭ ወደ ቀኝ ዳር አውጡት።

2. ሁሉም በቀኝ በኩል ባለው በር ይውረድ፤ ሰደርያውን ይልበስ። «ከመኪናው አንርቅ» ማለት በአስፋልቱ ዳር በመኪናው ውስጥ እንቀመጥ ማለት አይደለም። ሌላ መኪና ከኋላ ሊመታችሁ ይችላል። ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ፣ የብረት አጥር ካለ ከአጥሩ ኋላ፣ መኪናው በሚታይበት ቦታ ተቀመጡ። ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ከኋላ በኩል ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ።

3. ጥላ ሥሩ። ነጠላ ወይም አንሶላ ዘርጉ። ራቁታችሁን አትሁኑ፤ ሰፊና ስስ ልብስ ፀሐይን ይከላከላል። የሞቀው አሸዋ ላይ በቀጥታ አትቀመጡ፤ የመኪናውን ምንጣፍ አንጥፉ።

4. ሲጠማችሁ ጠጡ። ውኃውን «ለኋላ» ብሎ እያስቀመጡ ራስን ማድረቅ ስሕተት ነው። የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽና የመስታወት ማጠቢያውን ግን ከቶ አትጠጡ፤ መርዝ ነው።

5. ሞተሩ ሞቆ ከሆነ የማቀዝቀዣውን ክዳን አትክፈቱ፤ የሚፈላው ውኃ ፊት ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

6. የሚታይ ምልክት አድርጉ። የፊት ሽፋኑን ክፈቱ፤ ደማቅ ልብስ በመኪናው ላይ እሰሩ። ሌሊት ከሆነ የእጅ ባትሪ ተጠቀሙ።

7. መኪናው ጎርፍ በሚወርድበት ሸለቆ ውስጥ ከቆመ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ያን ጊዜ መኪናውን ትታችሁ ወዲያው ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ።

ከመካከላችሁ አንዱ ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ ከተንገዳገደ፣ ካስመለሰው፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ የሙቀት ምት ሊሆን ይችላል። ወዲያው 101 ደውሉ። በጥላ አስተኙት፤ ልብሱን አላሉለት፤ በውኃ አርጥባችሁ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፉ አታፍስሱ፤ ያንቀዋል።

ማንን እንጥራ? ምን እንበል?

ፖሊስ 100፣ ማጌን ዳቪድ አዶም 101፣ እሳት አደጋና ማዳን 102 ነው። በሞባይል 112 መደወልም ይቻላል። ባትሪ ለሞተበት ወይም ጎማ ለፈነዳበት «የዲዲም» የተባሉት በጎ ፈቃደኞች በ1230 ያለ ክፍያ ይረዳሉ።

የደወለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ነህ?» ነው። ስለዚህ እየሄዳችሁ ሳለ የመንገዱን ቁጥርና በዳር የሚታዩትን የኪሎ ሜትር ምልክቶች አስተውሉ። ዕብራይስጥ ለሚከብዳቸው ወላጆች እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች በወረቀት ጽፋችሁ በመኪናው ውስጥ አኑሩ፦

«አኒ ቤክቪሽ ቲሽዒም፣ ቤኪሎሜተር ሜኣ ዔስሪም፣ ሌኪቩን ኤላት» — በ90 መንገድ፣ በ120ኛው ኪሎ ሜትር፣ ወደ ኤላት አቅጣጫ ነኝ።

«ሃሬኼቭ ኒትቃ፤ አናኽኑ አርባዓ አናሺም፤ ዬሽ ዬሌድ ቃታን» — መኪናው ቆሟል፤ አራት ሰዎች ነን፤ ትንሽ ልጅ አለ።

«ኤን ላኑ ማይም» — ውኃ የለንም።

«ሁ ሎ ሜጊቭ» — አይመልስም፣ ራሱን ስቷል። ለሴት «ሂ ሎ ሜጊቫ» ይባላል።

ስልኩ ካልያዘ በየተወሰነ ጊዜ ደግማችሁ ሞክሩ። ብዙ አትደውሉ፤ ባትሪው ይቆጠብ።

ለሥራ የሚጓዙ

በሙት ባሕርና በኤላት ሆቴሎች፣ በፋብሪካዎች፣ በጥበቃና በጽዳት ሥራ በዚህ መንገድ የሚመላለሱ ወገኖች አሉ። ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ ከቤት ወደ ሥራ ወይም ከሥራ ወደ ቤት በተለመደው መንገድ ሲሄዱ የደረሰ አደጋ በቢቱኣኽ ሌኡሚ እንደ ሥራ ላይ አደጋ ሊቆጠር ይችላል። ያን ቀን ወዲያው ሕክምና ሂዱ፤ አደጋው በሥራ መንገድ እንደደረሰ ለሐኪሙ ተናገሩና በወረቀቱ ላይ መጻፉን አረጋግጡ። ከአሠሪያችሁም ቅጽ 250ን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሳችሁ ወዲያው መሪ አትያዙ። አሠሪው የጋራ መጓጓዣ እንዳለው ጠይቁ፤ ከሌለ ጥቂት ሰዓት ተኝታችሁ ተነሡ። በድርጅቱ መኪና የምትላኩ ከሆነ ደግሞ ውኃ፣ ትርፍ ጎማና የመጎተቻ አገልግሎት መኖሩን ሳታዩ አትውጡ። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ልጆቻችን ከኛ ይልቅ መኪና ያውቃሉ፤ ዕብራይስጡንም ይችላሉ። ጥማትን ግን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ልጃችሁ «ኤላት ደርሼ ልምጣ» ሲላችሁ መርቃችሁ ብቻ አትሸኙት። ውኃ ስንት ያዝህ? ነዳጅ የት ትሞላለህ? ትርፍ ጎማ አለህ? ማን ይጠብቅሃል? ብላችሁ ጠይቁት። በመጨረሻም «መኪናው ቢቆም አትሂድ» በሉት።

አባቴ ዛሬም ወደ ኤላት አብረውን ይወርዳሉ። መኪናው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ወደ ኋላው ሳጥን ዞረው ጀሪካኖቹን በእጃቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። ካልሞሉ አይገቡም።